አሥር ከአርባ ሁለት ላይ የደረሰው ኢሜይል

ዘአማኑኤልን ያገኙት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ካዛንቺስ፣ ሰባት በር ትራንዚት የሚባለው ድርጅት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ተኝቶ። አንድ እግሩ ወንበሩ ሥር ገብቷል። ኤሲው አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ስለነበር ክፍሉ እንደ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። የማሽኖቹ መደርደሪያ የብረት ጠርዝ ላይ የደረቀ ደምና ፀጉር አለ።

ኢንስፔክተር ገለታ በሩ ላይ ቆሞ አየው። ምንም አልተሰማውም። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ነው። እናቱን ቀብሮ ከተመለሰ ጀምሮ፣ በቃ፣ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ሐኪም ጋ ሂድ ብለውት ነበር። ምን ብሎ ይሂድ? አላለቀስኩም ብሎ?

«ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለ ሳጅን ኃይለማርያም መታወቂያውን እያየ። «የሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪ ይላል። እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ፖስታ ቤት ነው። በኮምፒውተር።»

«ፖስታ ቤት ውስጥም ሰው ይገደላል ማለት ነው።»

«ሜትሩን ያዝልኝ።»

ሐኪሙ መጥቶ ሬሳውን አገላበጠ። ተገፍቶ ብረቱ ላይ ወድቋል፣ ወዲያው ነው የሞተው አለ። መቼ ሲሉት ትከሻውን ነቀነቀ። «ቅዳሜ ነው። ስንት ሰዓት አትበሉኝ። በዚህ ብርድ ሰዓት መናገር አልችልም።»

በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ አለቃው ጋ ደውሏል። ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ያልተነሳ ጥሪ ነው። ከስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ፣ «እማ» ከሚለው ቁጥር።

አለቃው አቶ አብርሃ ይባላል፣ የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው፣ ጠዋት በሩን ሲከፍት። ቢሮው ውስጥ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል፣ አይጠጣውም።

«ቅዳሜ ሥራ እስከ ሰባት ሰዓት ነው አይደል?» አለ ገለታ። «እሱ ምን ሊያደርግ ቀረ?»

«ስፓም ሊያጸዳ።»

«ምን?»

«ማለቴ… በቀን ሦስት ሺህ ኢሜይል ቢመጣልን ሁለት ሺህ ስምንት መቶው ቆሻሻ ነው። ሎተሪ ደርሶሃል፣ መድኃኒት ግዛ፣ የሟች ጄኔራል ሚስት ነኝ። ማጣሪያው ይይዘዋል። ግን አንዳንዴ የጅቡቲ ወኪላችንንም ደብዳቤ አብሮ ይይዘዋል። ዘማኑ ቅዳሜ ቅዳሜ የተያዘውን አንድ በአንድ እያነበበ ደህናውን ይለቅማል። ማሽኑ ይበቃል፣ ተወው እለው ነበር። አይሰማም።»

«ጠላት ነበረው?»

«ከስፓም ሌላ?» አብርሃ ፈገግ ሊል ከጀለና ተወው። «ይቅርታ። ጭንቅላቴ ልክ አይደለም።»

ከወር ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል አለ። አንድ ሰው የእነሱን ሰርቨር እየተጠቀመ የዲቪ ደብዳቤ ለሕዝብ ይበትናል። ዲቪ ደርሶሃል፣ ለፕሮሰስ ክፈል የሚል። በዚህ የተነሳ ዓለም ላይ ያሉ ሰርቨሮች ሰባት በርን ጥቁር መዝገብ አስገብተውታል። የሚልኩት ሁሉ ይመለሳል። ኮንቴይነሮች ወደብ ላይ ቆመዋል።

«ከውጭ የገባ ሃከር ነው» አለ። «ዘማኑ እየተከታተለው ነበር።»

«እርስዎስ ቅዳሜ?»

«ሰባት ሰዓት ከአሥር ወጣሁ፣ በሩ ላይ መዝገብ አለ። ቤቴ ሄጄ ልብስ ቀየርኩ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ መስቀል ፍላወር የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ቪዲዮ አለ።»

«ደውሎልዎታል።»

«የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል አለኝ። ሰኞ እናየዋለን አልኩት።»

«እናቱ ደግሞ ከስምንት ከሃያ አምስት ጀምራ ደውላ አያነሳም።»

«ሰርቨር ክፍል ውስጥ ስልክ አይሰማም። ሄደው ያድምጡት።»

ገለታ ሄዶ አደመጠ። እውነት ነው፣ ማሽኖቹ እንደ ወፍጮ ይጮሃሉ። ሲመለስ አብርሃ አንድ ወረቀት ዘረጋለት። ጃለኔ የምትባል የዘአማኑኤል ጓደኛ፣ እዛው ካዛንቺስ ሌላ መሥሪያ ቤት የእሱኑ ዓይነት ሥራ የምትሠራ ልጅ፣ ጠዋት መርዶውን ስትሰማ ለቢሮው የላከችው ኢሜይል ነው። ከዘአማኑኤል የደረሳት። ቅዳሜ፣ 16:42።

«ጃሊ፣ ማን እንደሆነ አወቅኩ። አሁን ይመጣል። ከጀርባው ከማወራ ፊቱን እያየሁ ልንገረው ብዬ ነው። ሰኞ ሁሉንም አጫውትሻለሁ።»

ሳጅን ኃይለማርያም በጣቱ ቆጠረ። «አሥራ ስድስት ማለት… በኛ አሥር ከአርባ ሁለት። ስለዚህ አሥር ከአርባ ሁለት ላይ በሕይወት አለ።»

«በዛ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ማን ነበር?» አለ ገለታ።

አብርሃ ብርጭቆውን አዞረው። «ስም ማንሳት ደስ አይለኝም።»

«ያንሱ።»

«ጥበቃው ብቻ ነው። መዝገቡ የሚባለው። ዘማኑ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጎድላል እያለ ያማርር ነበር። ሌላ የማውቀው የለም።»

—

መዝገቡ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጣቢያ ሲያመጡት ቀበቶውን ራሱ ፈትቶ ሰጠ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ናፍጣ ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ። ሁለቴ።»

«ዘአማኑኤል ደርሶብዎታል?»

«ደርሶብኛል። 'ጋሼ፣ ሦስተኛ እንዳይኖር' አለኝ። አልኖረም።»

«ቅዳሜ ከሥራ ቦታዎ ተነስተዋል?»

«አልተነሳሁም።»

«ልጁ ሲወጣ አይተዋል?»

ሽማግሌው ቀበቶ የሌለውን ሱሪውን በእጁ ሰብስቦ ያዘ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከፋው፣ ምክንያቱም የሟች እናት ወይዘሮ ዘውዲ ጣቢያ መጡ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል። ድምፃቸው ሰልሏል፣ ግን አንድም ቃል አልሳቱም።

«ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ሄጄ በሩ ላይ ጠየቅኩት። 'ወጥቷል፣ ሲወጣ አይቼዋለሁ' አለኝ። አይቼዋለሁ ነው ያለኝ። እሑድን ሙሉ ዘመድ ቤት ስዞር ዋልኩ። ልጄ ፎቅ ላይ ወድቆ።» ከዛ ገለታን አዩት። «ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«እሱን ሰውዬ እንዳትለቀው።»

አዛዡም ያንኑ አለ። ብቻውን ነበር፣ ይሰርቃል፣ ዋሽቷል፣ ምን ቀረህ? ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ። ገለታ ወረቀቱን ፈረመ። ደስ አላለውም፣ አልከፋውምም። ብዕሩ ይሠራል፣ ፈረመ።

ጣቢያው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ሰገን ትባላለች፣ የመዝገቡ ልጅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ማትሪክ ሊደርስባት ነው። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምታነብ ትመስላለች፣ ገጹን ግን አትገልጥም።

—

ማክሰኞ ጠዋት ገለታ ወረቀቶቹን አስተካክሎ ፋይል ውስጥ ሊያስር ሲል አንዱ እምቢ አለው። በፐንቸር ሲበሳው ቀዳዳው ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። የኢሜይሉ ወረቀት ነው። ያጥራል። ሌላ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ለካው፣ አራት ጣት ያህል ይጎድላል። ከላይ በኩል በመቀስ ተቆርጧል፣ ጥርት ተደርጎ።

«ቀለም ፈሶበት ይሆናል» አለ ኃይለማርያም።

«ይሆናል።»

«ሰዉ ወረቀት ይቆጥባል እኮ ኢንስፔክተር።»

ገለታ ወረቀቱን ለብቻው አስቀመጠ። መዝገቡን አስጠራውና አንድ ጥያቄ ጠየቀው፣ ለወጉ ያህል። ቅዳሜ ከሰዓት ምን ያስታውሳሉ፣ የፈለገ ትንሽ ነገር ይሁን።

«ምን አለ… መብራት ሄዷል። ቅዳሜ ከሰዓት የኛ ሰፈር ፈረቃ ነው። ስምንት ተኩል ሄዶ አሥር ተኩል መጣ።»

«ጄኔሬተር አስነሱ?»

«አላስነሳሁም። አላስጨነቀኝማ።»

«ማን?»

«ልጁ ነዋ። ሌላ ጊዜ መብራት ከሄደ አምስት ደቂቃ አይታገሰኝም። መስኮቱን ከፍቶ 'ጋሼ፣ ሰርቨሬ ሊሞትብኝ ነው' እያለ ይጮሃል። ያን ቀን ዝም አለ። ሄዷል ብዬ…» መዝገቡ አፉን ዘጋ።

ገለታ ቀና አለ። «ሄዷል ብለው? ሲወጣ አይቼዋለሁ አላሉም እንዴ?»

ሽማግሌው ወለሉን አየ። ወደ ማረፊያ ክፍል መለሱት።

ገለታ ወጥቶ ሰገን አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ፈቀቅ አለችለት፣ ቦታ ለመስጠት ሳይሆን ለመራቅ።

«አባትሽ የሚደብቀኝ ነገር አለ።»

«የሚጎዳው ከሆነ ልንገርዎት?»

«ሲወጣ አይቼዋለሁ ያለው ውሸት ነው አይደል? በር ላይ አልነበረም።»

ደብተሯን ዘጋችው። «የዕድር ድንኳን ሲተክል ነበር። ጎረቤት ሞቶ። ድንኳን ተካዮቹ አራት ናቸው፣ አንዱ እሱ ነው። ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ይቅር? እሱ ሲሞት ማን ይተክልለታል? ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ከአርባ ነው የሄደው። ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል።»

«ለምን አልተናገረም?»

«ጥበቃ በሩን ትቶ ከሄደ ይባረራል። እኔን የሚያስተምረኝ በዛ ሥራ ነው።» ዞራ አየችው። «ደግሞ ቢናገርስ? ሰውየው የሞተው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው ብላችኋል። ድንኳኑ ምን ይጠቅመዋል? የሚያተርፈው ሁለተኛ ውሸታም መባል ነው።»

ልክ ናት። ሰዓቱ አሥር ከአርባ ሁለት እስከሆነ ድረስ ድንኳኑ ምንም አይጠቅመውም።

—

ጃለኔ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ከሰባት በር አሥር ደቂቃ በእግር ነው። ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ጄኔሬተር። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ገለታ ወዲያው አወቀው፣ ያንን ዓይን በመስታወት ያየዋል።

«ጓደኛሽ ነበር?»

«ሁለት ዓመት ተጻጽፈናል። ቢሮ ለቢሮ። እሱ ነው ሥራውን ያስለመደኝ።» ሻርፑን አላላች። «ሌላም ነገር ሊሆን ነበር መሰለኝ። አልደረስንበትም።»

ወረቀቱን አሳያት። አየችውና ግንባሯን ቋጠረች።

«ከላዩ የት ሄደ?»

«ምን ነበረው?»

«እንዳለ ነው የላክሁላቸው። እያንዳንዱ ኢሜይል አናቱ ላይ በየት በየት እንዳለፈ ተጽፎበታል። እንደ ፖስታ ማኅተም በሉት። ሰው አያየውም እንጂ አለ።»

ኮምፒውተሯን አዞረችለት። ለገለታ ጉንዳን የመሰለ ጽሑፍ ነው የታየው። እሷ ግን እያነበበች ሄደችና መሐል ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ከድሮው ሰርቨራቸው አይደለም የመጣው» አለች። «አዲስ ነው። ጥቁር መዝገብ ስለገቡ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ሌላ ሰርቨር እሠራለሁ ሲለኝ ነበር። ለአለቃውም ገና አልነገርኩትም ብሎኛል። ቅዳሜ ጨርሶታል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ኢሜይል ለኔ ላከው።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። ቆይ።» ሌላ ገጽ ከፈተች፣ የራሷን ሰርቨር ሎግ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ የሚመዘግበውን። እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ።

«የኛ ሰርቨር» አለች ቀስ ብላ፣ «የማያውቀው ሰርቨር ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ አይቀበለውም። 'አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ተመለስ' ይለዋል። ስፓም የሚልኩት አይመለሱም። ሚሊዮን ደብዳቤ ይዘው ሌላ በር ነው የሚሄዱት። እውነተኛው ሰርቨር ግን ይመለሳል። እንዲህ አድርገን ግማሹን ቆሻሻ ያለ ድካም እናስቀራለን።»

«እንደ ቀበሌ» አለ ገለታ።

«እንደ ቀበሌ። እሱም እንደዛ ብሎ ነው ያስረዳኝ። ጉዳይ ያለው ሰው ይመለሳል ብሎ።»

«ግን ሁለት ዓመት ተጻጽፋችኋል። ያውቀዋል እኮ።»

«የድሮውን ያውቀዋል። ይሄኛው ለሱ እንግዳ ነው።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። «ይኸው። መጀመሪያ የመጣው 14:06 ነው። መለስነው። ከዛ ምንም የለም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ። ከዛ 16:42 ተመልሶ መጣ፣ ተቀበልነው።»

«ስምንት ተኩል ላይ የእነሱ ሰፈር መብራት ሄዷል። አሥር ተኩል መጣ።»

«በቃ። ማሽኑ የሚመለሰው በየግማሽ ሰዓቱ ነው፣ ሳይመለስ መስመሩ ሞተ፣ ዴስክቶፑም ጠፋ። ደብዳቤው ዲስኩ ላይ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ላከው። የሚነካው ሰው አያስፈልገውም።»

ገለታ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ 14:06 ብሎ ጻፈ። ከሥሩ፣ ስምንት ከስድስት።

«ስለዚህ የጻፈው ስምንት ከስድስት ላይ ነው።»

«አዎ።» ጃለኔ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «በሰዓቱ ቢደርሰኝ እደውልለት ነበር። ብቻህን አትንገረው እለው ነበር። ተመለስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ገለታ የሚያጽናናት ቃል ፈለገ። ሌላ ጊዜ ለሐዘንተኛ ይል የነበረውን ፈለገ፣ አላገኘውም።

«ኮትሽን ልበሺ» አለ። «የማያቸው ማሽኖች አሉ። የሚያነብልኝ እፈልጋለሁ።»

—

አብርሃ ሲገቡ ተነሳ። ጃለኔን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። ገለታ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ወሰዳት። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፈቅዶ ፓስወርዱን ከታሸገ ፖስታ አውጥቶ ሰጣቸው። ኃይለማርያም በሩ ላይ ቆመ። ዴስክቶፑን እንዳለችው ጠረጴዛው ሥር፣ ባዶ ካርቶን ከልሎት አገኙት። ከዛ ትልቁን ሰርቨር ማየት ጀመረች። ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። አንዴም ወለሉን አላየችም።

«ማጣሪያው የያዘው ሳጥን ውስጥ የተረሳ ነገር አለ» አለች። «የዲቪው ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች መልስ ነው። ማጣሪያው ስፓም ብሎ ይዞታል። አርባ ምናምን ይሆናል።»

አንዱን ጮክ ብላ አነበበችው፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። «'እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌቶቼ። የተባልኩትን ልኬአለሁ። ሥራዬንም ለቅቄአለሁ። መሄጃዬ መቼ እንደሆነ ብታሳውቁኝ።'»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነበው ይሄን ነበር» አለ ገለታ።

«መልሱ ወደየት አድራሻ እንደሚሄድ እያየ ነው ባለቤቱን ያገኘው። አድራሻውን የከፈተው ሰው ከዚህ ቢሮ ነው የከፈተው። የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ግን የሚናገረው ሎግ የለም። የሰርቨሩ ሎግ የሚጀምረው ቅዳሜ ስምንት ከሃያ አንድ ላይ ነው። ከሱ በፊት ያለው ተጠርጓል። እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ ኪቦርድ።»

«መጥረግ የሚችለው ማን ነው?»

«ዋናውን ፓስወርድ የሚያውቅ። ሁለት ሰው ነው። አንዱ ሞቷል።»

ገለታ አብርሃ ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። አጭሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጎኑ ጃለኔ ያተመችውን ረጅሙን።

«ይሄን ለምን ቆረጥከው?»

አብርሃ አንተ መባሉን ሰማ። ወረቀቶቹን አላየም።

«የተለመደ ነው። ለሰው አይገባም ብዬ…»

«ለኔ እንዳይገባኝ ነው። አንተ ግን ሰኞ ጠዋት እንዳየኸው ገብቶሃል። ስምንት ከስድስት ላይ ተጽፎ አሥር ከአርባ ሁለት ደረሰ። አንተ በዛ ሰዓት ሰርግ ላይ ነህ። እግዜር የላከልህ ነው የመሰለህ።»

«ዘማኑ ራሱ ጠርጎት ሊሆን ይችላል ሎጉን።»

«ሎግ ተጠርጓል ብዬ አልነገርኩህም።»

ውጭ የሚኒባስ ረዳት ሜክሲኮ ሜክሲኮ እያለ ይጣራል።

«በሩ ላይ ማንም አልነበረም» አለ አብርሃ በመጨረሻ። «ደውሎ ና ሲለኝ ተመልሼ ስገባ። ጥበቃው ቢኖር፣ ስሜን ቢጽፍ… እመለስ ነበር መሰለኝ። ባዶ ነበር። ገባሁ።» እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «አልጮኸብኝም። ያ ነው የከበደኝ። አንድ ደብዳቤ አንብብ አለኝ። አንብበውና ለሥራ አስኪያጁ ራስህ ንገረው፣ ሰኞ ድረስ እጠብቅሃለሁ አለኝ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ይዞት ነበር። ከፊቴ ዞር እንዲልልኝ ነው የገፋሁት። ዞር እንዲልልኝ ብቻ።»

«ከዛስ?»

«ከዛ ሎጉን ጠረግኩ። ጠረጴዛው ሥር ሌላ ማሽን መኖሩን አላውቅም ነበር። ቤቴ ሄጄ ከረባት አሠርኩ። ጨፈርኩ። ቪዲዮው ላይ አለ።»

«ሽማግሌውስ?»

አብርሃ ዓይኑን ወደ ወረቀቶቹ መለሰ። ገለታ ካቴናውን አውጥቶ እስኪዘረጋለት ጠበቀ። ሰውየው እጁን ዘረጋ።

—

መዝገቡ የተለቀቀው ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ድንኳን ተካዮቹ ሦስቱም መጥተው ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፣ አንዱ መዶሻውን ጭምር ይዞ። ሰገን የአባቷን ቀበቶ ተቀብላ በቆመበት እንደ ሕፃን አስታጠቀችው።

«ቤትዎ ይግቡ» አለ ገለታ።

«የልጁ ልቅሶ ቤት የት ነው?»

ሰገን ቀና አለች። «አባዬ።»

«ሁልጊዜ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። አልቀበርኩትም። ልቅሶ ልደርስ።»

«ገዳይ ነው ብለው ያወሩብህ ቤት? አብደሃል እንዴ?»

«ለዛ ነው የምሄደው።» ወደ ገለታ ዞረ። «እርስዎ አብረውኝ ቢሄዱ። ብቻዬን በሩን አላልፈውም። እዛ ካልገባሁ ደግሞ፣ ጌታዬ፣ እናንተ ለቀቃችሁኝ ማለት አይደለም። በየደረስኩበት ያ ሰውዬ ነው የምባለው።»

ገለታ ሥራ ነበረው። ዐቃቤ ሕጉ እየጠበቀው ነው፣ ገና ያልተጻፈ ሪፖርት አለ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ግቡ» አለ መኪናውን እየከፈተ።

ድንኳኑ ቂርቆስ ውስጥ፣ መኪና የማያስገባ ቅያስ ላይ ነው። በእግር ገቡ። መዝገቡ በሩ ላይ ሲታይ ጫጫታው ከወንበር ወደ ወንበር እየተቆረጠ ሄደ። አንድ ወጣት ብድግ አለ፣ ጎኑ ያለው ሰው እጁን ያዘው። ገለታ ኮፍያውን አወለቀ።

«እሱ አይደለም» አለ። «ፖሊስ ነኝ፣ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። የገደለው ሌላ ሰው ነው፣ አምኗል።»

ወይዘሮ ዘውዲ ፍራሹ ላይ ነበሩ። «ሰምቻለሁ» አሉ። መዝገቡን ነው የሚያዩት።

ሽማግሌው ሄዶ ፊታቸው ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ሲወጣ አይቼዋለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። አላየሁትም። በሩ ላይ አልነበርኩም። እንጀራዬን ፈርቼ ነው።»

«እውነቱን ብትነግረኝ ፎቅ እወጣ ነበር።»

«አዎ።»

«ያን ዕለት አገኘው ነበር።»

«አዎ እትዬ።»

«ሁለት ሌሊት ብቻውን፣ በዛ ብርድ፣ አያድርም ነበር።»

መዝገቡ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። ሰገን በሩ ላይ የድንኳኑን ገመድ ይዛ ቆማለች።

ወይዘሮ ዘውዲ ፍራሹ ላይ አጠገባቸው የነበረችውን ሴት በእጃቸው ገፋ አደረጓትና ቦታ ተገኘ።

«ተነስ ከመሬት» አሉ። «እዚህ ተቀመጥ። ስታየው ምን ምን ይልህ እንደነበር ንገረኝ። እዛ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያወራ አላውቅም፣ አይነግረኝም ነበር።»

መዝገቡ ተቀመጠ። ጋሼ ይለኝ ነበር ብሎ ጀመረ፣ እዛችው ላይ ተያዘና አለቀሰ። እናትየው ተከተሉት፣ ከዛ ሴቶቹ፣ ከዛ ድንኳኑ በሙሉ።

አንድ ሰው ለገለታ ወንበር ገፋለት። ተቀመጠ። ዓይኑ ደረቅ ነበር፣ ደረቱም እንደነበረ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አላነሳውም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰዉ አልቅሶ እስኪጨርስ ድረስ እዛው ቆየ።